የዳኞቹን ቦታ ባዶ ልተወው ወይ? ከሎስ አንጀለስ የተነሳ ክርክር

ጥያቄውን ያነሳው ሎስ አንጀለስ የሚኖር፣ በቅርቡ ዜግነት የወሰደ ሰው ነው። የድምፅ መስጫ ወረቀቱ በፖስታ መጥቶለታል። አገረ ገዢውን፣ የኮንግረስ አባሉን፣ ሌላውንም እንደምንም ሞላ። ከዚያ ገጹን ሲገልጥ የሱፒሪየር ኮርት (የካውንቲው የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት) ዳኞች ተደርድረው ጠበቁት። ቢሮ ቁጥር ይህን ያህል፣ ቢሮ ቁጥር ያን ያህል። ከእያንዳንዱ ሥር ሁለት ሦስት ስም፣ ከየስሙ ሥር ደግሞ ሥራቸውን የምትገልጽ አንዲት መስመር። ፓርቲ የለ፣ ፎቶ የለ። አንዳቸውንም አያውቃቸውም።

ስለዚህ ሌላው ሰው እንዴት እንደሚመርጥ፣ ካላወቀስ ባዶውን ቢተወው ነውር እንደሆነ ጠየቀ። ጥያቄው ላይ አንድ አቋም ጨመረበት። ዳኛ በሕዝብ ምርጫ መሾም የለበትም፤ ሕግ ያልተማረ ሰው ሕግ አዋቂን መመዘን አይችልም፣ ዳኛ መምረጥም ለሐበሻ እንግዳ ነው ባይ ነው።

ከጥያቄው ሥር የተጻፉትን መልሶች፣ ክሩን በሙሉ፣ ከላይ እስከ ታች ተከታትዬዋለሁ፤ መልስ ሰጪዎቹን በተራ ቁጥራቸው ነው የምጠራቸው። ጉዳዩ በጣም ይቆረቁረኛል። ፕሬዚዳንቱን በአካል የሚያገኝ ሰው ከመካከላችን የለም። ዳኛ ፊት ግን ዛሬም ባይሆን ነገ የማይቆም ቤተሰብ ጥቂት ነው። ፍቺው፣ የልጅ ማሳደጉ፣ የቤት ኪራዩ፣ የመኪና አደጋው፣ ውርሱ፣ ሁሉም የሚያልቀው እዚያ ነው። (ዓመቶቹን የምጽፈው እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ ዓ.ም. ካልኩ የእኛ ነው።)

ቁጥር 1 በምርቃት ጀመረ። እንኳን ለዜግነቱ አበቃህ አለና፣ ባዶ መተው ነውርም ወንጀልም እንዳልሆነ፣ አንዱን ቦታ መዝለል የቀረውን ድምፅ እንደማያበላሽ አስረዳ። እሱ ራሱ የዳኞቹን ክፍል ለዓመታት እየዘለለ ነው የኖረው። አነጋገሩ ደስ ይላል። ግን አንድ ነገር አልጠቀሰም። እኔና አንተ የዘለልነው ወንበር ባዶ ሆኖ አይቀርም። ሌላ ሰው ይመርጥለታል፣ የተመረጠውም ስድስት ዓመት ይቀመጥበታል።

ቁጥር 2 ነርስ ናት። የሴት ስም ካየች እሷን ትመርጣለች። ሁለቱም ሴቶች ከሆኑ ከላይ ያለችውን። እንዲህ በግልጽ መጻፏን ወደድኩላት፤ ብዙዎቻችን የምናደርገው ይህንኑ ነውና።

ቁጥር 3 ቆጣ ብሎ ገባ። ያላወቁትን ነገር መጠየቅ እንጂ በግምት መሙላት አያስፈልግም ብሎ አሠራሩን ከመሠረቱ ዘረዘረ። በካሊፎርኒያ ለሱፒሪየር ኮርት ዳኝነት ለመወዳደር ቢያንስ 10 ዓመት በጥብቅና ፈቃድ ላይ መቆየት ወይም ዳኛ ሆኖ መሥራት ያስፈልጋል። የመመዝገቢያው ክፍያ የዳኛው የዓመት ደሞዝ አንድ በመቶ ነው፤ ደሞዙ ከ200,000 ዶላር በላይ ስለሆነ ክፍያው ከ2,000 ያልፋል። በመጀመሪያው ዙር ከግማሽ በላይ ያገኘ እዚያው ያልቅለታል። ካልሆነ ሁለቱ መሪዎች ኖቬምበር ላይ ይገናኛሉ። በሥራ ላይ ያለ ዳኛ ተፎካካሪ ካልመጣበት ስሙ ወረቀቱ ላይ ሳይወጣ ስድስት ዓመቱን ይደግማል። ጠያቂው ያያቸው ጥቂት ስሞች እንግዲህ ፉክክር ያለባቸው ወንበሮች ብቻ ናቸው።

ከሁሉም የጠቀመኝ ግን የቢሮ ቁጥሩ የወንበር መለያ ከመሆን አልፎ ምንም እንደማይናገር መጻፉ ነው። ያሸነፈው ሰው የት ችሎት እንደሚመደብ የሚወስነው የፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት ነው። ዕድሜውን ሙሉ ግድያ ሲከስ የኖረ ዐቃቤ ሕግ ነገ የፍቺ ችሎት ላይ ሊቀመጥ ይችላል። የዕጩን የኋላ ታሪክ የሚያነብ ሁሉ ይህችን ነጥብ ልብ ማለት አለበት።

ቁጥር 4ን ደግሜ ደጋግሜ ነው ያነበብኩት። አንዲት እናት ናቸው። ከተከራዩበት ቤት ሊያስወጧቸው ተከስሰው መሃል ከተማ ያለው ፍርድ ቤት ቀረቡ። ኮሪደሩ ላይ የአከራዩ ጠበቃ ወረቀት ይዞ መጣና ቢፈርሙ እንደሚሻላቸው ነገራቸው። እንግሊዝኛው አልገባቸውም። ብዕሩን ግን ተቀብለው ነበር። በዚህ መሃል ስማቸው ተጠራ። ዳኛዋ ወረቀቱን ከእጃቸው አይተው ምን እንደሆነ ጠየቁ። አስተርጓሚ እስኪመጣ ጉዳዩን ከሰዓት በኋላ አዘዋወሩት። ጠበቃው ሊናገር ሲነሳ በእጃቸው ምልክት አስቀመጡት። እኚህ እናት ቤቱን መልቀቃቸው አልቀረም፤ የመልቀቂያ ጊዜ ግን አገኙ፣ የተፈረደባቸውንም በቋንቋቸው ሰምተው ወጡ። ያቺ ዳኛ ከዳኝነት በፊት ምን ትሠራ እንደነበር እስከ ዛሬ እንደማያውቁ፣ እንደገና ስሟ ወረቀት ላይ ቢወጣ ግን ዓይናቸውን ጨፍነው እንደሚመርጧት ጻፉ።

ከሥሩ ብዙ ሰው አመሰገናቸው። አንዱም ጠቃሚ ነገር አከለ። የማስወጫ ክስ የደረሰው ሰው መልስ ማስገቢያው አምስት የሥራ ቀን የነበረው ከ2025 መግቢያ ጀምሮ 10 ሆኗል። በፍትሐ ብሔር ጉዳይም አስተርጓሚ በነፃ መጠየቅ ይቻላል።

ቁጥር 5 ላይ ቃናው ተለወጠ። ጻፊው የጥገኝነት ጥያቄው ውድቅ የሆነበት ሰው ነው። ዳኛው አንዲት ጥያቄ ጠይቀውት፣ ፊቱን እንኳ በቅጡ ሳያዩ እንደወሰኑበት ይናገራል። ወገን ሁሉ ተባብሮ ያንን ዳኛ በድምፁ ከወንበሩ እንዲያወርድለት ጥሪ አቀረበ። ቁስሉ ከጽሑፉ ያስታውቃል።

ቁጥር 6 ምሕረት አላደረገለትም። የኢሚግሬሽን ዳኛ በምርጫ እንደማይመጣ፣ የፌዴራሉ የፍትሕ መሥሪያ ቤት ተቀጣሪ እንደሆነና በጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ እንደሚሾም፣ ይህን ሳያውቁ ዘመቻ መጥራት ሰው ማሳሳት እንደሆነ ጻፈ። የፌዴራል አውራጃ፣ ይግባኝና ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኞች ደግሞ በፕሬዚዳንቱ ታጭተው በሴኔት ይጸድቃሉ፤ እነሱም ወረቀታችን ላይ አይመጡም። ከዚያ ዋናውን ማስጠንቀቂያ አስከተለ። ዜግነት የሌለው ሰው፣ ግሪን ካርድ ቢኖረውም፣ በእነዚህ ምርጫዎች ድምፅ ከሰጠ ከአገር የሚያስባርር ነገር ውስጥ ሊገባ ይችላል። የምርጫ መመዝገቢያ ቅጽ ላይ ሳያነብ የፈረመ ቶሎ ጠበቃ ያማክር አለ።

የተናገረው ሁሉ ትክክል ነው። አንደበቱ ግን ያማል። ቁጥር 7 ይህንኑ ነገረው፤ የተጎዳን ሰው ማረም የሚቻለው መጀመሪያ አይዞህ ካሉት በኋላ ነው ብሎ። ቁጥር 5 ከዚያ በኋላ አልተመለሰም። ቢመለስ ምንኛ ደስ ባለኝ።

ክሩን ወደ መስመሩ የመለሰው ቁጥር 8 ነው። በ2006 እዚሁ ሎስ አንጀለስ ካውንቲ የሆነውን አስታወሰ። ዲዚንትራ ጃናቭስ የተባሉ በላትቪያ የተወለዱ ዳኛ ነበሩ። ወደ 20 ዓመት ገደማ በዳኝነት የሠሩ ናቸው። የካውንቲው የጠበቆች ማኅበር ዕጩዎችን ሲመዝን ከፍተኛውን ደረጃ፣ እጅግ ብቁ የሚለውን ሰጥቷቸዋል። ተፎካካሪያቸው ሊን ዳያን ኦልሰን ደግሞ የጥብቅና ፈቃድ ቢኖራቸውም በዋናነት የቤግል ዳቦ መሸጫ ነበር የሚያስተዳድሩት። ማኅበሩ ብቁ አይደሉም ብሏቸው ነበር። ድምፁ ሲቆጠር ኦልሰን አሸነፉ። ያኔ ብዙዎች የጃናቭስ ስም ለመራጩ ጆሮ እንግዳ መሆኑ እንደጎዳቸው ገመቱ። አገረ ገዢው አርኖልድ ሽዋርዘኔገር ግን ወዲያው ጃናቭስን ሌላ ወንበር ላይ መልሰው ሾሟቸው።

ቁጥር 8 ይህን የተረከው የጠያቂውን አቋም ለመደገፍ ነው። ሕዝብ ካልመዘነ ስም ይመዝናል፣ ስለዚህ ሹመት ይሻላል ይላል። እኔ ከዚሁ ታሪክ የማነበው ሌላ ነው። የጠበቆቹ ምዘና ከምርጫው በፊት ወጥቶ ነበር። ጋዜጣም ላይ ነበር። የጎደለው ያንን ፈልጎ ያነበበ መራጭ ነው።

ታሪኩ ብዙ ሰው አስደነገጠ። ቁጥር 9 ላትቪያዊ ስም እንዲህ ካስመታ የእኛ ልጆች ስም ምን ሊሆን ነው ብላ ተጨነቀች። መልሱን ግን ራሷ ይዛ መጥታለች። ኢትዮጵያ የተወለዱት ኒና አሸናፊ ሪቻርድሰን በ2008 ፍሎሪዳ ውስጥ፣ ታላሃሲ ባለችበት በሊዮን ካውንቲ፣ በሕዝብ ምርጫ ዳኛ ሆነዋል። አሸናፊ የሚለው ስም ወረቀቱ ላይ ቁልጭ ብሎ ነበር። የካውንቲው ጠበቆች ከምርጫው በፊት ያውቋቸው እንደነበር፣ በከተማው የጠበቆች ማኅበራት ውስጥ በአመራር ያገለገሉ እንደነበሩ ጨመረች። ሎስ አንጀለስ ያሉ ሕግ የተማሩ ልጆችም ከወዲሁ በየማኅበሩ ይታዩ ነው ምክሯ። ልክ ናት። ዳኝነት ከምርጫው ዓመት በፊት በብዙ ዓመት ነው የሚጀመረው።

ቁጥር 10 ግን ተቆጣ። የእኛ ሰው፣ የእኛ ስም እየተባለ ዳኛ አይመረጥም፤ ችሎት ላይ የእኔ ሰው ካለ ያንተ ሰው አይደለም ማለት ነው፤ ይህን በሽታ ባሕር ተሻግረን ለምን ይዘን መጣን አለ። ቁጥር 9ም መልሳ፣ ሴትየዋን ምረጡ አላልኩም፣ ስማችን እንደማያግደን ነው ያሳየሁት አለችው። ጥቂት መልስ ተለዋወጡ። ሁለቱም የያዙት እውነት ነበር። ተደማምጠው ቢሆን በአንድ መልስ ያልቅ ነበር።

ከዚህ በኋላ ነው ስለ ዕጩዎቹ የሥራ ታሪክ ሞቅ ያለ ክርክር የተነሳው። ቁጥር 11 የሕግ ቢሮ ውስጥ የሚሠራ ሰው ነው። ያቺ ከስም ሥር ያለች መስመር የምርጫው ሞተር እሷ ናት ብሎ ጀመረ። አብዛኛው መራጭ ከሷ ሌላ የሚያውቀው ነገር የለምና። ድሮ ዐቃብያነ ሕግ የሚከሱትን የወንጀል ዓይነት ጭምር ይጽፉባት ነበር። የወሮበላ ቡድን ግድያ ዐቃቤ ሕግ የሚል ሰው ከንግድ ጠበቃ ጋር ሲቀርብ ማን እንደሚያሸንፍ ግልጽ ነው። በ2017 የወጣ ሕግ ይህን ከለከለ። አሁን የመንግሥት ጠበቃ የሆነ ዕጩ ትክክለኛውን የሥራ መጠሪያውን ነው የሚጽፈው።

እንዲያም ሆኖ ለረጅም ጊዜ ወንበሩን የሚወስዱት በብዛት ዐቃብያነ ሕግ እንደነበሩ ቁጥር 11 ይናገራል። በ2022 ይህን ለመለወጥ የተነሱ ዕጩዎች በቡድን ቀረቡ። አብዛኞቹ ለድሃ ተከሳሾች መንግሥት የሚያቆማቸው ተከላካይ ጠበቆች ነበሩ። ከእነሱ መካከል ሆሊ ሃንኮክ አሸነፉ። ሃንኮክ ጠበቃ ከመሆናቸው በፊት የበረራ አስተናጋጅ ነበሩ። ይህን ሳነብ ደስ አለኝ። ትሪ ይዞ ከመቶ ዓይነት መንገደኛ ጋር የሠራ ሰው ችሎት ላይ ጆሮ ይኖረዋል ብዬ አምናለሁ።

ቁጥር 12 ሱቅ አለው። ሌባ በተደጋጋሚ ገብቶበታል። የመጨረሻው ጊዜ መስታወቱን ሰብረው የካሽ ማሽኑን ከነሽቦው ነቅለው ሄዱ። ተያዙ፣ ተለቀቁ። ስለዚህ ዐቃቤ ሕግ የሚል ካየ ሌላ ነገር እንደማያነብ ቁርጡን ተናገረ። ተከላካይ ጠበቃን ዳኛ ማድረግ የሌባን ጠበቃ ወንበር ላይ ማስቀመጥ ነው አለ።

ቁጥር 13 እናት ናት። ልጇ ያላደረገውን አድርገሃል ተብሎ ታስሮ ነበር። ክሱ በኋላ ወድቋል። በዚያን ጊዜ ስልክ የሚመልስላት፣ ቀጠሮ የሚያስታውሳት፣ ልጁን በስሙ የሚጠራው ያ መንግሥት ያቆመው ጠበቃ ብቻ ነበር። የሌባ ጠበቃ መባሉ ልቧን ሰብሮታል። ቃላት አልመረጠችም፤ ለቁጥር 12 የመለሰችለት መልስ ከባድ ነው። እሱም አልበረደም፣ ባሰበት። ሦስት አራት መልስ እንዲሁ በእልህ አለፈ። አንዱ ከመሃል ገብቶ የወንድሙን የመኪና ቅጣት ቢያነሳም ማንም ልብ አላለውም።

እኔ እዚህ ላይ ከሁለቱም ጋር አልቆምም። የዕጩው ሥራ መጠሪያ ለማን እንደሠራ ይነግረናል፤ እንዴት እንደሠራ አይነግረንም። ማስረጃ የማይደብቅ፣ ደካማ ክስ ሲያይ ራሱ የሚተው ዐቃቤ ሕግ አለ። የተጎጂን ቤተሰብ በአክብሮት የሚጠይቅ ተከላካይም አለ። የሁለቱም ተቃራኒ እንዲሁ። ማወቅ የምፈልገው ጠበቃ የሌለው፣ ቋንቋ የሚቸግረው ሰው ፊቱ ሲቆም ያ ዕጩ ምን እንደሚያደርግ ነው። የቁጥር 4ቷ እናት የነገሩን ያንን ነው።

ቁጥር 15 ባይመጣ ክሩ እዚያው በስድብ ያልቅ ነበር። ራሱ ጠበቃ ነው፤ ረጋ ብሎ ነው የጻፈው። መጀመሪያ ሁለቱንም አጽናናቸው። ከዚያ አንድ ብዙ ሰው የማያውቀውን ነገር አወጣ። በካሊፎርኒያ አብዛኛው ዳኛ ወንበሩን የሚያገኘው መሃል ላይ ሲለቀቅ አገረ ገዢው ሾሞት ነው። አገረ ገዢው ሊሾመው ያሰበው ሰው የክልሉ የጠበቆች ማኅበር በሕግ ባቋቋመው አጣሪ ኮሚሽን ያልፋል። የሥራ ባልደረቦቹ በምሥጢር ይጠየቃሉ። በምርጫ የሚመጣው ዕጩ ግን በዚያ በር አያልፍም። የምርጫ ዕጩዎችን የሚመዝነው የካውንቲው የጠበቆች ማኅበር ነው። አራት ደረጃ አለው፦ እጅግ ብቁ፣ በጣም ብቁ፣ ብቁ፣ ብቁ ያልሆነ። ድረ ገጹ ላይ በነፃ ይገኛል።

ቀጥሎ ማንም ቤቱ ቁጭ ብሎ ሊያደርግ የሚችለውን ነገረን። የእያንዳንዱ ጠበቃ ፈቃድ መቼ እንደተሰጠው፣ ተቀጥቶ እንደሆነ በክልሉ የጠበቆች ማኅበር ድረ ገጽ ላይ ስሙን ጽፎ ማየት ይቻላል። በሥራ ላይ ያለ ዳኛ ከሆነ ደግሞ የዳኞችን ሥነ ምግባር የሚከታተለው ኮሚሽን ያወጣቸው ውሳኔዎች አሉ። ኮሚሽነር የሚል መጠሪያ ያለው ዕጩ ሲታይ እንዳይታለፍም መከረ። የፍርድ ቤት ኮሚሽነር ማለት ፍርድ ቤቱ ቀጥሮት አሁንም ችሎት ላይ የሚቀመጥ ሰው ነው። ካባውን ለብሶ ሲሠራ ሄዶ ማየት ይቻላል፤ ችሎት ለሕዝብ ክፍት ነውና።

በመራጮች መመሪያ መጽሐፉ ላይ የአንዳንዱ ዕጩ መግለጫ የማይገኘው ለምን እንደሆነም ገለጸ። ሎስ አንጀለስ ካውንቲ ወደ 10 ሚሊዮን ሕዝብ አለው። መግለጫ ማሳተም በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዶላር ያስወጣል፣ ከፋዩም ዕጩው ራሱ ነው። መግለጫ የለውም ማለት የሚደብቀው አለው ማለት አይደለም። በየፖስታ ሳጥናችን የሚገቡት ባለቀለም የዕጩ ዝርዝሮች ደግሞ ማስታወቂያ ናቸው። ከስሙ ጎን ኮከብ ካለ ዕጩው ከፍሎበታል።

ቁጥር 16 ጠበቃውን አመሰገነ፣ ግን አልተዋጠለትም። ጠበቆች ጠበቆችን የሚመዝኑበት ደረጃ የራሳቸው ማኅበርተኝነት ነው፤ ለዘመቻውም ገንዘብ የሚሰጡት እነሱው ናቸው አለ። ቁጥር 15 ሳይከፋው ተመለሰ። ፊቱ ከቆመው ጠበቃ ወይም ተከራካሪ ከ1,500 ዶላር በላይ መዋጮ የተቀበለ ዳኛ ያንን ጉዳይ እንዳያይ የካሊፎርኒያ ሕግ ያዝዛል። ከዚያም ባሻገር አንድ ባለጉዳይ በጊዜው ካቀረበ፣ ማስረጃ ሳይጠየቅ፣ ዳኛው ያዳላብኛል ብሎ በመሐላ አንድ ጊዜ ብቻ ማስቀየር ይችላል። ይህን መብት ስንቶቻችን እናውቀዋለን? እኔ ከአንድ ሁለት ሰው በቀር የሚያውቅ አላጋጠመኝም።

ቁጥር 17 ሌላ ዓለም ይዘው መጡ። አዛውንት ናቸው፤ አዲስ አበባ ነው ያደጉት። ዳኛ መምረጥ ለሐበሻ እንግዳ ነው የሚለውን ጠያቂ አስተካከሉ። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ሲወርስ ቀበሌዎችንም አቋቋመ። ለእነሱም የፍርድ ሸንጎ ተደራጀላቸው። ፈራጆቹን የሚመርጠው ነዋሪው ነበር። እሳቸው በነበሩበት ቀበሌ አንዱ የተመረጠው ሰው ሁሉ ስለሚፈራው ነው። እጅ አውጡ ሲባል ላለማውጣት ድፍረት የነበረው አልነበረም። ሌላው የተመረጡት ግን ልብስ ሰፊ ነበሩ። የጣራ ውሃ ወደ ጎረቤት ግቢ ፈሰሰ ብለው የተካሰሱ ሁለት ሰዎችን አሸንዳው ሥር ዝናብ እስኪመጣ አቁመዋቸው፣ ውሃው የት እንደሚወርድ አብረው አይተው ነው የፈረዱት። ማንበብ እንኳ በቅጡ አይችሉም ነበር ይላሉ። ሆኖም ሁለቱም ጎረቤታሞች እያመሰገኑ ሄዱ።

እሳቸው ከዚህ የደረሱበት ነገር ለእኔ ከባድ ነው። ምርጫው አንድ ነበር፣ መራጩም አንድ ነበር፣ የወጡት ፈራጆች ግን ሰማይና ምድር ናቸው። ልዩነቱ ሰዉ በነፃነት መምረጥ አለመምረጡ ነው አሉ።

ቁጥር 18 ይህን ተከትሎ ስለ ዛሬዪቱ ኢትዮጵያ አነሳ። በ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አንቀጽ 81 መሠረት የፌዴራል ዳኞችን የሚሾመው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው። ዕጩዎቹን የዳኞች አስተዳደር ጉባኤ ያቀርባል፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ወደ ምክር ቤቱ ይወስደዋል። እስከዚህ ድረስ መልካም ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ማን ማንን እንደሾመ፣ የትኛው ዘመን እንደሚሻል ተነሳና ክሩ ለረጅም ጊዜ ወደዚያው ፖለቲካ ነጎደ። አልዘረዝረውም፤ ሁላችሁም የምታውቁት ክርክር ነው። አስተባባሪው ሁለት መልስ አጥፍቶ፣ ስለ ሎስ አንጀለስ ወረቀት የሚያወራ ብቻ ይቀጥል አለ።

ያም ሆኖ ከሜሪላንድ የጻፈች አንዲት ሴት አልቻለችም፤ የራሷን ልትነግረን ወደደች። እዚያ የሰርኪት ኮርት ዳኛን አገረ ገዢው ይሾመዋል፣ ከዚያ ግን ሕዝብ ፊት ቀርቦ መወዳደር አለበት። ካሸነፈ 15 ዓመት ነው። ወንዙን ተሻግረህ ቨርጂኒያ ስትገባ ዳኛ የሚመርጠው የክልሉ ምክር ቤት ነው። ዲሲ ደግሞ ፕሬዚዳንቱ ያጫል፣ ሴኔት ያጸድቃል። ሦስቱም ቦታ ሐበሻ ሞልቶባቸዋል። በአንድ ሠርግ ላይ አንድ ጠረጴዛ የሚቀመጡ ዘመዳሞች ሦስት ዓይነት የዳኛ አሿሿም ሥር ነው የሚኖሩት።

ወደ መጨረሻው አካባቢ አንዱ የአሮን ፐርስኪን ነገር አነሳ። የሳንታ ክላራ ካውንቲ ዳኛ ነበር። በስታንፎርድ በተፈጸመ የወሲብ ጥቃት ጥፋተኛ በተባለ ወጣት ላይ የስድስት ወር እስራት ስለፈረደ ሕዝቡ በ2018 በድምፁ ከወንበሩ አነሳው። በካሊፎርኒያ እንዲህ ሲሆን ከ1932 ወዲህ የመጀመሪያው ነበር። አንዳንዱ ይህ ነው የሕዝብ ኃይል አለ። ሌላው ዳኛ መራጭን ፈርቶ እንዲፈርድ የሚያስተምር ነው፣ የፍርሃቱም ዋጋ የሚወድቀው ጠበቃ መቅጠር በማይችለው ተከሳሽ ላይ ነው ብሎ ተከራከረ። በዚህ እኔ እስከ ዛሬ ሁለት ልብ ነኝ። የተጎዳችውን ልጅ ሳስብ መራጩን አልወቅሰውም። የቁጥር 13ን ልጅ ሳስብ ደግሞ ጠንክሮ የሚፈርድ ብቻ የሚመረጥበት ወንበር ያሰጋኛል።

ቁጥር 23 ነርሷ ናት፣ ቁጥር 2። የጠበቃውን መልስ አንብባ አንድ ሐሳብ አቀረበች። ወረቀቶቹ ከደረሱ በኋላ በየሰፈሩ ቡና አፍልተን፣ እያንዳንዱ ሰው አንድ የቢሮ ቁጥር ወስዶ ስለ ዕጩዎቹ ያገኘውን ይዞ ይምጣ አለች። አንድ ሰው ሁሉንም ለማጥናት ጊዜ የለውም፤ ተከፋፍለነው ግን ይቻላል። የፌርፋክስ ሰፈር ሰዎች ቦታ እንሰጣለን አሉ። ሱቅ ያለው ቁጥር 12 ሳይቀር አንድ ቢሮ ወሰደ። ቁጥር 13ም ወሰደች። ሁለቱ ግን አንድ ቀን እንዳይገጣጠሙ ጠየቁ።

ከዚያ የመጣው ጥያቄ አንድ ልጅ ስለ አያቱ ያነሳው ነበር። አያቱ ዜጋ ናቸው፣ እንግሊዝኛ አያነቡም፣ እጃቸው ይንቀጠቀጣል። እሱ ሊሞላላቸው ይችል እንደሆነ ጠየቀ። አንዱ ማጭበርበር ነው አለ። ቁጥር 15 ተመልሶ አስተካከለ። መራጩ የፈለገውን ሰው ረዳት አድርጎ ማሞላት ይችላል፤ የሚመርጡት ግን እሳቸው ናቸው፣ ፖስታው ላይ የሚፈርሙትም እሳቸው ናቸው። መፈረም ካቃታቸው ምልክት ያደርጋሉ፣ አንድ አዋቂ ምስክር ከጎኑ ይፈርማል። ፊርማው ከድሮው ጋር ካልተመሳሰለ ካውንቲው ያሳውቃል፣ ማስተካከያ ጊዜም ይሰጣል። ፖስታው ቴምብር አያስፈልገውም። ልጁ አመስግኖ፣ አያቱ ስለ ዳኞቹ አንድ በአንድ እንዲነበብላቸው ስለሚፈልጉ ቢሮ ቁጥሩን የወሰዱ ሰዎች ያገኙትን በአማርኛ እንዲጽፉለት ለመነ። እስካሁን ሁለት ሰዎች ጽፈውለታል።